ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ የልብስ ማጠቢያውን እንዶድ ለተበከለ ውሃ ማጽጃ ያዋሉ ሳይንቲስት

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሀገራችን የሳይንስ ታሪክ ስማቸው ከአንድ ተክል ጋር ተያይዞ የሚነሣ ምሁር ናቸው። ተክሉ እንዶድ ነው። የኢትዮጵያ እናቶች ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህ ተክል፣ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በሳይንሳዊ ዘዴ ያረጋገጡት እርሳቸው ናቸው። ግኝታቸው የተበከለን ወንዝ በአካባቢው በሚበቅል ተክል፣ በአነስተኛ ወጪና በነዋሪው የራሱ ጉልበት ከበሽታ አስተላላፊ ማጽዳት እንደሚቻል አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ዕውቅና እስኪያገኝ ሩብ ምዕተ ዓመት ወስዷል። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን፣ የግኝታቸውን አሠራርና ዛሬ ውሃን በንጽሕና ለመጠበቅ ለሚጥሩ ነዋሪዎች ያለውን ትምህርት በአጭሩ ያቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውና ውሃው

የዶክተር አክሊሉን ሥራ ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ በሰው የደም ሥር ውስጥ በሚኖሩ ጥገኛ ትሎች የሚመጣ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ቢልሃርዚያ ይገኛል። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ሲሆን፣ በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች የተሰራጨው ይኸው ነው። ሁለተኛው የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ሲሆን በተወሰኑ ቆላማ አካባቢዎች ብቻ ይገኛል።

የአንጀት ቢልሃርዚያ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ዝናብም አጥቦ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ ያስገባዋል። ዕንቁላሉ ውሃ ውስጥ ሲፈለፈል የሚወጣው ደቂቅ ነፍሳት በአጭር ጊዜ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ወደ ቀንድ አውጣዋ አካል ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላም በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ከእርሷ ወጥተው በውሃው ላይ ይበተናሉ። እነዚህ እጮች በዐይን አይታዩም። ልብስ የምታጥብን እናት፣ የሚዋኝን ሕፃን ወይም ከብት የሚያጠጣን እረኛ ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ስለዚህ በሽታው እንዲይዝ ውሃውን መጠጣት ግድ አይደለም፤ እግርን መንከር ብቻ ይበቃል።

ትሎቹ በሰው ውስጥ ለብዙ ዓመታት መኖር ይችላሉ። ሕመሙ የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ሳይታከም ሲቆይም ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ሕፃናት ይደክማሉ፣ ዕድገታቸውና የትምህርት አቀባበላቸውም ይጎዳል።

ከዚህ የበሽታ ሰንሰለት ውስጥ በመካከል የምትገኘው ቀንድ አውጣ ናት። እርሷ ከሌለች ከሰው የወጣው ዕንቁላል ወደ ሰው የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል። በ1960ዎቹ የነበሩት የቢልሃርዚያ መድኃኒቶች ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ስለነበራቸውና የዳነ ሰውም ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ስለሚያዝ፣ የዘመኑ ባለሙያዎች ትልቁን ተስፋ የጣሉት ቀንድ አውጣዎችን በማጥፋት ላይ ነበር። ለዚህ የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ግን በኢንዱስትሪ በበለጸጉ ሀገሮች የሚመረቱና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ነበሩ። በሽታው የሚበረታው ደግሞ እነዚህን ለመግዛት አቅም በሌላቸው ሀገሮች ነው።

ትምህርትና ወደ ሀገር መመለስ

አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረርጌ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በጥገኛ ተውሳኮች ላይ ምርምር ማድረግ ጀመሩ። በጊዜው የኢትዮጵያ የጤና ተመራማሪዎች ቁጥር እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ቢልሃርዚያ በየትኛው ወንዝና በየትኛው ቀበሌ እንዳለ የሚያሳይ የተሟላ ጥናት አልነበረም። ወጣቱ ምሁር ሥራቸውን የጀመሩት የትኛው ውሃ ቀንድ አውጣ እንዳለበት፣ የትኛው እንደሌለበት እየተዘዋወሩ በመመርመር ነው።

የአድዋው ግኝት

በ1964 ይህ ጥናት ወደ አድዋ አደረሳቸው። በከተማዋ አካባቢ በሚወርዱ ወንዞች ዳር እናቶች እንደ ልማዳቸው ልብስ ያጥቡ ነበር። ማጠቢያቸው የደረቀና የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ነው። ፍሬው ከውሃ ጋር ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ወደ ላይና ወደ ታች ሲመረምሩ የቀንድ አውጣዎቹ ሁኔታ በየስፍራው አንድ ዓይነት አለመሆኑን አስተዋሉ። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያሉት በሕይወት አሉ፤ ከማጠቢያው ሥር ባለው ውሃ ውስጥ ግን የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተዋል። በላይና በታች ያለው ውሃ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመካከል የገባው የእንዶድ አረፋ ብቻ ነው።

በዚያው ስፍራ ቀላል ሙከራ አደረጉ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ከወንዙ ለቅመው በዕቃ ውስጥ በነበረ ውሃ አኖሩና፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ አለበት። እንዶድን ለልብስ ማጠቢያነት የመረጠው፣ አድርቆ የማቆየትና ወቅጦ የመጠቀም ዘዴውን ያዳበረውና ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈው ሕዝቡ ነው። የሳይንቲስቱ ድርሻ ሌሎች ያለፉትን ነገር ማስተዋል፣ ማስተዋሉን በሙከራ መፈተንና ውጤቱን ለሌሎች ተመራማሪዎች በሚገባ መንገድ ማቅረብ ነበር። ግኝቱ የሁለቱ ድምር ነው።

የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መመሥረት

አንድ የወንዝ ዳር ሙከራ ለሳይንስ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ለማቅረብ ቤተ ሙከራ፣ ባለሙያና ጊዜ ያስፈልጋል። ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በዳይሬክተርነት መሩ። ኢንስቲትዩቱ በሀገር ውስጥ የሚገኙ ተላላፊ በሽታዎችን በሀገር ልጆች ለማጥናት የተቋቋመ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ እንዶድ ከዋና ዋና የምርምር ርዕሶቹ አንዱ ሆነ።

ጥናቱ የእንዶድን አሠራር ደረጃ በደረጃ ገለጠ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የተባሉ ውሁዶች አሉ። እንዶድ አረፋ የሚያወጣውም ቀንድ አውጣ የሚገድለውም በእነዚህ ውሁዶች አማካይነት ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ቢቀር ኃይሉ ደካማ ነው፤ ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን በፍሬው ውስጥ ያሉ ኤንዛይሞች ሳፖኒኑን ወደ ገዳይ መልኩ ይለውጡታል። እናቶች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ ማሸታቸው እንግዲህ የዘፈቀደ ልማድ አልነበረም፤ በኬሚስትሪ ረገድም ትክክለኛው አሠራር ነበር። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተካሄደው የኬሚካል ትንተና ከፍሬው ዋነኛ ገዳይ ውሁዶች አንዱን ለይቶ አወጣ፤ ውሁዱም ለዶክተር አክሊሉ መታሰቢያ ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ።

ሌላው ጠቃሚ ጠባዩ በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አለመቆየቱ ነው። እንዶድ ሥራውን ከሠራ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተፈጥሮ ይበሰብሳል። በወንዝ ዳር ለሚኖርና ያንኑ ውሃ ለብዙ አገልግሎት ለሚጠቀም ሕዝብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንድን ብክለት ለማስወገድ ተብሎ ሌላ ዘላቂ ብክለት አይጨመርምና። ውስንነቶችም አሉት። ዓሣን ይገድላል። የቀንድ አውጣዎችንም ዕንቁላል በበቂ ሁኔታ ስለማያጠፋ በየጊዜው መደጋገም ያስፈልገዋል። ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከመስክ ሥራቸው ጋር እነዚህን ውስንነቶች አብረው ያጠኑ ነበር።

በአድዋ የተካሄደው የ5 ዓመት ሙከራ

በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በሕዝብ መካከል መፈተን ነበረበት። የተመረጠችውም ግኝቱ የተጀመረባት አድዋ ነበረች። በጊዜው 17 ሺህ ያህል ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመታት ወንዞቹ በየጊዜው በእንዶድ ታከሙ። ፍሬው የተገኘው ከሀገር ውስጥ ነው፤ ሥራውም ከውጭ በሚገባ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ አልነበረም።

ሙከራው ሲጀመር ከተመረመሩት ነዋሪዎች 63 ከመቶ ያህሉ በበሽታው ተይዘው ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ይህ አኃዝ ወደ 33 ከመቶ ወረደ። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ የታየው ግን በትንንሾቹ ሕፃናት ላይ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አለ።

በዐዋቂዎችና በሕፃናት መካከል የታየው ልዩነት ምክንያት አለው። ትሎቹ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖሩ፣ ቀድሞ የተያዘ ዐዋቂ ወንዙ ቢጸዳም በሽታው ወዲያው አይለቀውም። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱት ወይም በዚያ ዘመን መጀመሪያ ወደ ወንዝ የወረዱት ሕፃናት ግን ያገኙት የታከመ ውሃ ነበር። በእነርሱ ላይ በሽታው መጥፋት መጀመሩ አዲስ መተላለፍ በእጅጉ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ለአንድ ከተማ ሕፃናት የወንዝ ውሃ የበሽታ ምንጭ መሆኑ ሊያበቃ እንደሚችል በተግባር ታየ።

የተዘጉ በሮች

ከእንዲህ ያለ ውጤት በኋላ እንዶድ በፍጥነት በሌሎች አካባቢዎችና በሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ግን ይህ አይደለም። ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማት ተክሉ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደማያደርስ የሚያረጋግጥ፣ በተፈቀደላቸው ቤተ ሙከራዎች የተካሄደ የመርዛማነት ምርመራ እንዲቀርብ ጠየቁ። በኢትዮጵያ የተሠሩት ምርመራዎች በቂ ሆነው አልተቆጠሩም።

ጥያቄው በራሱ ስህተት አልነበረበትም። ወደ ሕዝብ ውሃ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ደኅንነቱ መረጋገጥ አለበት። ችግሩ የተጠየቀው ምርመራ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑና ገንዘቡን የሚሰጥ አለመገኘቱ ነበር። ኬሚካል አምራች ድርጅቶች ለራሳቸው ምርት እንዲህ ያለውን ወጪ ያወጣሉ፤ ከሽያጩ ይመለስላቸዋልና። ማንም ገበሬ በጓሮው ሊተክለው ለሚችለው እንዶድ ግን ወጪውን የሚሸፍን ነጋዴ አይኖርም። በዚህ ምክንያት ፈቃድ ለማግኘት ምርመራ፣ ምርመራ ለማካሄድ ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ፈቃድ የሚያስፈልግበት አዙሪት ተፈጠረ። ጉዳዩም ለዓመታት ሲጓተት ቆየ።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ልምድ ተነሥተው በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ያስረዱት አንድ ሐሳብ ነበር። በድሃ ሀገሮች ያለው ምርምር ዋነኛ እንቅፋት የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነና በእነዚህ ሀገሮች ቤተ ሙከራዎች የታመነ ሳይንስ ሊሠራ አይችልም የሚለው አመለካከት የበለጠ ከባድ መሆኑን ይገልጹ ነበር። መፍትሔው የሀገር ውስጥ ተቋማትን ማጠናከር እንደሆነም ያምኑ ነበር።

የዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ድርሻና የ1989 ሽልማት

ዶክተር አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከሀገር ውጭ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ያገለገሉ ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሥር በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የሕፃናት ልማት ማዕከልም ሠርተዋል። እንዶድን ግን አልተዉትም። በአዲስ አበባ ደግሞ ሥራውን ያስቀጠሉት የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ።

ዶክተር ለገሠ የእርሻ ዕፀዋት ባለሙያ ናቸው። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው አበቀሉ። የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቀንድ አውጣን ለመግደል እንደሚበረታ፣ የትኛው ተባይና በሽታ እንደሚቋቋም ለዓመታት አነጻጸሩ። ከእነዚህ መካከል ኢ-44 ተብሎ የተሰየመው ዝርያ ተመራጭ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሥራ እንዶድ ከአጥርና ከጫካ የሚለቀም ተክል ከመሆን አልፎ ገበሬ እንደ ሰብል ሊያለማው የሚችል ሆነ።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በስቶክሆልም የሚሰጠውንና አማራጭ የኖቤል ሽልማት በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው በአነስተኛ ወጪ ቢልሃርዚያን መከላከል የሚያስችል ዘዴ በማግኘታቸውና ዘዴው ሥራ ላይ እንዲውል ሳይታክቱ በመጣራቸው ነው። ዕውቅናው ለረጅም ጊዜ የተዘጉ በሮችን ከፈተ። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ ዓለም አቀፍ መስፈርትን በተከተለ መንገድ የመርዛማነት ምርመራው ተካሄደ። እንዶድ ዐይንን እንደሚያስቆጣ ቢታወቅም፣ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት በሚያስፈልገው አነስተኛ መጠን ሥራ ላይ እንዳይውል የሚከለክል አደጋ አልተገኘበትም። በአድዋ ወንዝ ዳር ከተደረገው ሙከራ እስከዚህ ምርመራ ድረስ ከ25 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

የባለቤትነት ጥያቄ

የእንዶድ ታሪክ ሌላም ገጽታ አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዜብራ ቅርፊት ለበስ ነፍሳት የተባሉ ትንንሽ የውሃ እንስሳት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተዛምተው የመጠጥ ውሃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን ይደፍኑ ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ለመቀበል ወደ አሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተጓዙበት ወቅት እንዶድ ለዚህም ችግር ሊያገለግል እንደሚችል ታሰበ። ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር የተደረገው ሙከራም እንዶድ እነዚህን እንስሳት እንደሚገድል አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የተገኘው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጉዳዩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ክርክር አስነሣ። ለዘመናት በኢትዮጵያ እናቶች እጅ የኖረ ዕውቀት ለንግድ ሲውል ጥቅሙ ለማን መድረስ አለበት የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ወጣ። የእንዶድ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሀገር በቀል ዕውቀትና የብዝኃ ሕይወት ባለቤትነት በሚወሳበት መድረክ ሁሉ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ተቋም ስማቸውን ይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ምርምርና ትምህርት ይሰጣል።

ትምህርቱ ለዛሬ ነዋሪዎች

እንዶድ በሀገር አቀፍ ደረጃ የቢልሃርዚያ መከላከያ ሆኖ አልተስፋፋም። ዛሬ የመከላከሉ ሥራ በዋናነት የተመሠረተው ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በተለይ ለተማሪዎች በማደል ላይ ነው። መድኃኒቱ ውጤታማና ለመውሰድ ቀላል ቢሆንም፣ የዳነው ሰው ወደ ተበከለው ውሃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2012 በሽታውን ለማጥፋት ባወጣው ውሳኔ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ንጹሕ ውሃ፣ የአካባቢ ንጽሕናና ቀንድ አውጣዎችን መቆጣጠር እንደሚያስፈልጉ አስቀምጧል። ዶክተር አክሊሉ በ1960ዎቹ የተነሡበት ሐሳብ፣ ሰውን ለማዳን ውሃውንም ማዳን ይገባል የሚለው፣ ዛሬም አልተሻረም።

ይህ ሐሳብ ዝናብ ለማይለያቸው የደቡብ ምዕራብ የቡና አካባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። ከጅማ እስከ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ማጂ ወረዳዋ ቱም ድረስ ባለው ምድር ምንጮችና ጅረቶች በብዛት ይገኛሉ። የውሃው መብዛት ግን ለንጽሕናው ዋስትና አይሆንም። በጅማና በቴፒ አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ የከርሠ ምድር ውሃ ከወራጅ ውሃ የሚለይበትን ነጥብ መረዳት ይጠቅማል። የዝናብ ውሃ በአፈርና በዐለት መካከል ቀስ ብሎ ሲሰርግ አፈሩ ብዙ ተውሳኮችን ያጣራል። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችም በብርሃን በሚገኝና ሣርና አልጌ ባለበት ገላጣ ውሃ እንጂ ከመሬት በታች አይኖሩም። ስለዚህ ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ብዙውን ጊዜ የሚበከለው ከወጣ በኋላ፣ ሰውና ከብት በሚረግጡት ኩሬና ጅረት ውስጥ ነው። ምንጭ ማጎልበት፣ ማለትም ምንጩን በዐይኑ ላይ በግንብ ሸፍኖ ውሃውን በቧንቧ ማውጣት፣ ውሃው ለቀንድ አውጣና ለእርግጫ ከመጋለጡ በፊት ለተጠቃሚው እንዲደርስ ያደርጋል። የከርሠ ምድር ውሃም ቢሆን ገደብ የለሽ ጥበቃ የለውም፤ መጸዳጃ ቤት ወይም የቆሻሻ ጉድጓድ ሲቀርበው ተውሳኩ ሰርጎ ሊደርስበት ይችላል።

በመሆኑም ነዋሪዎች የሚከተሉትን እንዲያከናውኑ ይመከራል።

1. በሽታው ይገኝባቸዋል በሚባሉ ወንዞችና ኩሬዎች ከመዋኘት፣ ከመታጠብና ሕፃናትን ከማጠብ መቆጠብ። ሌላ አማራጭ ሲታጣ ውሃውን ቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ አለመግባቱን አረጋግጦ፣ ቢያንስ ለ2 ቀን በተከደነ ዕቃ ካቆዩ በኋላ መታጠብ፤ እጮቹ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። ይህ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይበቃም፤ የመጠጥ ውሃ መፍላት ወይም መታከም አለበት።

2. መጸዳጃ ቤት ሠርቶ መጠቀም። የበሽታው ሰንሰለት የሚጀምረው ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነው።

3. መጸዳጃ ቤቱን ከጉድጓድ ውሃ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር አርቆና ከውሃው በታች ባለው ተዳፋት በኩል መሥራት።

4. የጎለበተ ምንጭና የእጅ ፓምፕ አካባቢ በአጥር እንዲከበር፣ የፈሰሰው ውሃ እንዳይተኛና ከብት እንዳይቀርበው በውሃ ኮሚቴው አማካይነት መከታተል፤ ብልሽት ሲያጋጥም ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ።

5. የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር። በጤና ኬላና በትምህርት ቤት መድኃኒቱ በሚታደልበት ጊዜ ሕፃናት እንዳይቀሩ ማድረግ።

6. እንዶድን በዘፈቀደ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ አለመጨመር፣ ለመድኃኒትነት ብሎም አለመጠጣት። ዓሣ ይገድላል፤ ለሚጠጣው ሰውም መርዝ ነው። በውሃ ላይ የሚውለው መጠኑ በባለሙያ ሲወሰን ብቻ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ወደ አድዋ የሄዱት ውሃውን ሊመረምሩ ነበር። መልሱን ያገኙት ግን ውሃውን በየቀኑ ከሚጠቀሙት ሰዎች ሥራ ውስጥ ነው። የየትኛውም ቀበሌ ነዋሪ ስለሚጠቀምበት ምንጭ፣ ጅረትና ጉድጓድ የሚያውቀው ነገር ለባለሙያው ሥራ መነሻ ይሆናል። ውሃው መልኩን ወይም ሽታውን ሲለውጥ፣ ቀንድ አውጣ ሲበዛበት ወይም ሕፃናት ደጋግመው ሲታመሙ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በጊዜው ማሳወቅ የእያንዳንዱ ነዋሪ ድርሻ ነው።